ፊት የሌላት የጨፌ በር ሴት

ጨፌ በር ሰፈር፣ ወንዙ ዳር፣ የጋራ ጓሮ አለ። ጓሮውን በሚከልለው የጭቃ ግድግዳ ላይ አንዲት ሴት ተስላለች፤ ቀሚሷ በቀይ ሥር ጭማቂ፣ የነጠላዋ ጥለት በእርድ፣ ፀጉሯ በከሰል። ፊቷ ላይ ግን ምንም የለም። ክረምቱ ባጠባት ቁጥር የሰፈሩ ሰው ተሰብስቦ ስለ እሷ የሚያውቀውን እያወራ መልሶ ይስላታል፤ ፊቷን የሚነካ የለም። እዚያ ግድግዳ ሥር ብቻውን የሚያወራ ሰው ያየ ደግሞ ቆም ብሎ «ከዚያስ?» ሳይል አያልፍም። ታክሲ እያመለጠው የቆመ ሰው በዓይኔ አይቻለሁ።

እንደሚነገረው፣ ድሮ ጋሽ ደርበው የሚባሉ ሽማግሌ ከሌላ አገር መጥተው እዚህ ጓሮ አንድ መደብ ተሰጣቸው። ሚስታቸው ይርገዱ ሞታባቸዋለች፤ ልጅ የላቸው፣ ዘመድ የላቸው። ፎቶዋ እንኳ ስላልነበራቸው፣ መልኳ እንዳይጠፋባቸው ግድግዳው ላይ በከሰል ሳሏት ይባላል። ስትደበዝዝ መስመሩን እየተከተሉ ያደምቋታል። ሰባት ዓመት ሙሉ፣ ጎመናቸውን ካጠጡ በኋላ ፊት ለፊቷ ቁጭ ብለው ያወሩላት ነበር። ሰዉ «ነካ አድርጓቸዋል» እያለ አጎንብሶ መደቡን ይኮተኩታል፤ ጆሮው ግን፣ ማን ይሙት፣ እዚያው ነበር።

በሰባተኛው ዓመት መጨረሻ ታመው ሦስት ቀን ከጓሮው ቀሩ። እንቁጣጣሽ ደርሶ ስለነበር ግንበኛው ላቀው ሰዉን አስተባብሮ፣ ሲመለሱ ደስ ይበላቸው ብሎ፣ ግድግዳውን ከዳር እስከ ዳር ጭድ ባለው ጭቃ መረገው።

በአራተኛው ቀን ሽማግሌው በምርኩዝ መጡ።

«የት ሄደች?»

«ማን ጋሼ?» አለ ላቀው።

«ይርገዱ።»

«ያቺ ጥላሸት? አሳመርንልዎ እኮ!»

 ያኔ እትዬ ማሚቴ ከጎመኑ መሐል ቀና ብለው፣ «ስትስቅ አፏን በነጠላ የምትሸፍነዋ?» አሉ። አንዱ ቀበል አድርጎ «ግራ እጇን እሳት ያቃጠላት» አለ። ላቀው ጭቃ የነካ እጁን እያየ፣ «እንቁራሪት የምትፈራዋ…» ብሎ ሳይጨርስ ተወው።

«ትሰሙኝ ነበር?» አሉ ጋሽ ደርበው።

ላቀው እጁን ከኋላው ደበቀ።

«ሰባት ዓመት! አንዳችሁ እንኳ ‹ከዚያስ?› አትሉኝም?»

ሰዉ አፍሮ ተበተነ፤ ቀይ ሥር የነቀለ፣ እርድ የወቀጠ፣ ከሰል የለቀመ፣ ሁሉም የሰማውን ይዞ ግድግዳው ላይ ሰፈረ ይባላል። ነጠላዋ ወጣ፣ የተቃጠለ እጇ ወጣ፣ እንቁራሪቷም ሳትቀር እግሯ ሥር ወጣች። ፊቷ ግን አልወጣም፤ ሽማግሌው ለራሷ ስለ መልኳ አያወሩላትም ነበርና የሰማ የለም። ላቀው ከሰሉን ሰጣቸው። እጃቸውን አነሱ፤ እጃቸው እዚያው ቀረ።

«ጠፋችኝ» አሉ። «በየቀኑ ሳያት ጊዜ፣ መልኳን መያዙን ለግድግዳው ትቼው ኖሯል።»

ከዚያ ወዲያ «ከዚያስ?» የሚል አላጡም፤ የሚጠይቃቸው እየተፈራረቀ እስኪሞቱ ድረስ አስወራቸው። እሳቸውም ይመልሳሉ፣ ዓይናቸውን ግን ከባዶዋ ቦታ አይነቅሉም ነበር አሉ።

ያቺን ቦታ ዳግመኛ የመረጋት የለም። ከቀረው ግድግዳ ይልቅ የለሰለሰችው፣ ሽማግሌው በጣታቸው እየዳሰሱ ይፈልጓት ስለነበር ነው ይባላል። ዘንድሮ ሄጄ ነካኋት። ትቀዘቅዛለች።