የውብሸት ፎልደር

ተረት ተረት! «የላም በረት» ብላችሁ እንዳትመልሱልኝ። የዛሬው ተረት በረት የለውም፤ ያለው ቢሮ ነው። ላምም የለችበትም፤ አንዲት እናት ግን አሉ።

በአንዲት ከተማ የውሃ አገልግሎት ቢሮ ውስጥ ዘርፌ የምትባል ጸሐፊ ነበረች። አንድ ቀን ጠዋት እማማ በለጡ መጡ። እማማ በለጡ የውብሸት እናት ናቸው። ውብሸት ደግሞ ከዘርፌ አጠገብ ይቀመጥ የነበረ፣ በቅርቡ በድንገት የሞተ ባልደረባዋ ነው።

«ልጄ፣ እሑድ አርባው ነው» አሏት። «ለዕለቱ የማቆመው ፎቶ የለኝም። ያለኝ የመታወቂያው ብቻ ነው፤ እዚያ ላይ ደግሞ ተቆጥቶ ነው የሚያየኝ። የኔ ልጅ ተቆጥቶ ያውቃል?»

«ኧረ በጭራሽ፣ እማማ!» አለች ዘርፌ።

የቢሮው ፎቶ አንሺ ውብሸት ነበር። ሠርግ ሲሆን፣ ጡረተኛ ሲሸኝ፣ ሁሉን የሚያነሳው እሱ ነው፤ ስለዚህ እሱ ራሱ ፎቶ ላይ የለም። አንድ ቀን ግን ዘርፌ ካሜራውን ነጥቃ ሲስቅ አንስታዋለች። ያ ፎቶ ሰርቨሩ ላይ አለ። ሰርቨር ማለት የቢሮው ፋይል ሁሉ የሚቀመጥበት ኮምፒውተር ነው፤ የጋራ ጎተራ በሉት። ፎልደር ደግሞ በጎተራው ውስጥ ያለ የየሰዉ ጓዳ ነው። «አረፍ ይበሉ፣ አሁኑኑ አትሜ እሰጥዎታለሁ» ብላ እማማን በሩ አጠገብ አግዳሚ ላይ አስቀመጠቻቸው።

ሄዳ ፎቶው ያለበትን የውብሸትን ፎልደር ብትነካው «ፈቃድ የለዎትም» አላት። ደግማ ነካችው። «ፈቃድ የለዎትም!» እንዴት ያለ ጉድ ነው? ፎቶውን ያነሳችው እሷ!

ወደ ሰርቨሩ ጠባቂ ወደ ምትኩ ሄደች። «ምትኩዬ፣ በሞቴ ክፈትልኝ። ፎልደሩ አልከፈትም አለ፣ እናቱም በር ላይ ተቀምጠዋል።»

«መክፈቱስ አንዲት ጠቅታ ናት» አለ ምትኩ። «ግን አንዱ የሌላውን ፎልደር ከፍቶ የውሃ መስመር ካርታ ካጠፋ ወዲህ፣ የሰው ፎልደር ያለ ትእዛዝ አይነካም ተብሏል። ወይዘሮ ሸዋዬ ካላዘዙኝ አልከፍትም።»

ወደ ክፍል ኃላፊዋ ወደ ወይዘሮ ሸዋዬ ሄደች። «እትዬ፣ ምትኩን ይዘዙልኝ። ምትኩ አልከፍትም አለ፣ ፎልደሩ አልከፈትም አለ፣ እናቱም በር ላይ ተቀምጠዋል።»

«ውይ ውቤ! ነፍሱን ይማረው» አሉ ወይዘሮ ሸዋዬ ደረታቸውን ይዘው። «ባዝልሽ ደስ ባለኝ፤ ግን እኔን እንዳታስወቅሺኝ። አቶ ደርበው ካልፈረሙ አላዝም።»

ወደ ሥራ አስኪያጁ ወደ አቶ ደርበው ሄደች። «ጋሼ፣ ይፈርሙልኝ። ወይዘሮ ሸዋዬ አላዝም አሉ፣ ምትኩ አልከፍትም አለ፣ ፎልደሩ አልከፈትም አለ፣ እናቱም በር ላይ ተቀምጠዋል።»

አቶ ደርበው መነጽራቸውን አወለቁ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ግን ሕጉን ያወጡት እሳቸው ናቸው፣ የገዛ ሕግን ማፍረስ ደግሞ ያሳፍራል። «የፎልደሩ ባለቤት ካልፈቀደ አልፈርምም» አሉ። «ለመሆኑ ባለቤቱ ማን ነው?»

ከውብሸት ሞት በኋላ ለማን እንደተሰጠ እሷ ምኑን ታውቃለች! እግሯ እስኪቃጠል ወደ ምትኩ ተመለሰች። «የፎልደሩ ባለቤት ማን ነው? ባለቤቱ ካልፈቀደ አቶ ደርበው አልፈርምም አሉ፣ ወይዘሮ ሸዋዬ አላዝም አሉ፣ አንተ አልከፍትም አልክ፣ ፎልደሩ አልከፈትም አለ፣ እናቱም በር ላይ ተቀምጠዋል!»

ምትኩ አቀረቀረ። «ባለቤቱ ውብሸት ነው።»

«የቱ ውብሸት?»

«የኛው ነዋ። ሰው ከሥራ ሲለይ ስሙን ከሰርቨሩ ሰርዤ ፎልደሩን ለሌላ ሰው አዞራለሁ፤ ሥራዬ ነው። የሱን ግን አርባው እንኳ ሳይወጣ በገዛ ጣቴ ልሰርዘው? አልቻልኩም፣ ዘርፌ። ሁለቴ ጀምሬ ተውኩት።»

ልትቆጣው አፏን ከፈተች፤ ቁጣው አልመጣላትም። እሷም እኮ የውብሸትን ወንበር ማንም እንዳይቀመጥበት የሹራቧ ማስቀመጫ አድርጋዋለች። ግን አሁን ማን ይፍቀድ? መቃብር ስልክ የለው!

አንገቷን ደፍታ ወደ በሩ ሄደች። «እማማ፣ አልሆነልኝም» አለች። «ባለቤቱ ሞቷልና አይፈቅድም፣ እሱ ካልፈቀደ አቶ ደርበው አይፈርሙም፣ እሳቸው ካልፈረሙ ወይዘሮ ሸዋዬ አያዙም፣ እሳቸው ካላዘዙ ምትኩ አይከፍትም፣ ምትኩ ካልከፈተ ፎልደሩ አይከፈትም፣ እርስዎም እዚሁ ተቀምጠዋል።»

እማማ በለጡ ቀና አሉ። ከዚያ ነጠላቸውን አስተካከሉ።

«ልብሱን ለድሆች ያከፋፈልኩት እኔ ነኝ» አሉ። «የሚተኛበትን አልጋ ያነሳሁት እኔ ነኝ። ቀብሩ ላይ ሁላችሁም እጄን እየያዛችሁ እግዜር ያጥናዎት ያላችሁት እኔን ነው። ታዲያ ዛሬ በሱ ፈንታ የሚናገር ሰው ጠፋ? እኔ ፈቅጃለሁ በያቸው።»

ዘርፌ ክው አለች። እሳቸውን በር ላይ አስቀምጣ ቢሮ ለቢሮ ስትዞር ዋለች! አንድም ሰው፣ እሷም ጭምር፣ እናቱን እንጠይቅ አላለም። እጃቸውን ይዛ ወደ ውስጥ አስገባቻቸው።

እማማ ስለፈቀዱ አቶ ደርበው ፈረሙ፣ አቶ ደርበው ስለፈረሙ ወይዘሮ ሸዋዬ አዘዙ፣ ወይዘሮ ሸዋዬ ስላዘዙ ምትኩ ከፈተ፣ ምትኩ ስለከፈተ ፎልደሩ ተከፈተ፣ ፎልደሩ ሲከፈት ውብሸት ሳቀ።

«ይኸው ልጄ!» አሉ እማማ፣ ስክሪኑን በመዳፋቸው እየዳበሱ። «እንዲህ ነው እንጂ የኔ ልጅ።» ቢሮው ሁሉ አብሯቸው አለቀሰ።

ዘርፌ ፎቶውን ስታትም ምትኩ ጠጋ አላቸው። «እማማ፣ አርባው ሲወጣ ፎልደሩን ምን ላድርገው? ስሙንስ?»

«ሁሉም ይየው» አሉ። «ማንም አያጥፋው።»

ምትኩ ቁጭ ብሎ እንዳሉት አደረገ፤ ማየት ለሁሉም፣ መሰረዝ ለማንም። ስሙንም አልነካውም።

ተረቴ ይኸው ነው። አፌን በዳቦ አብሱልኝ አልላችሁም። ዳቦው ለእሑድ ነው፣ ለውብሸት አርባ።