ግራር አፋፍ ላይ «አውቀዋለሁ» የሚባልበት ምክንያት

ላስታ ውስጥ ግራር አፋፍ በምትባል መንደር ማንነቱ ያልታወቀ ሬሳ ሲመጣ፣ ከሴቶቹ አንዷ ወደ ቃሬዛው ቀርባ «አውቀዋለሁ» ሳትል መቃብር አይቆፈርም። የመንደሩ ሰው በሌላው ነገር ሁሉ ሲከራከር የሚውል ነው፤ የድንበር ነገር ከተነሣማ ምሳውንም ይረሳል። በዚህ ግን ሲከራከር የታየ የለም። ሽማግሌዎች እንደሚሉት የልማዱ መነሻ ከባሕር ማዶ፣ ከሮማውያን የወደብ ከተማ ከቂሣርያ ነው።

በዚያ ዘመን ክርስቲያን መሆን ያስገድል ነበር ይባላል። ዶምና የምትባል መረብ ጠጋኝ ከወንድሟ ከዞሲማ ጋር በወደቡ አጠገብ ትኖር ነበር፤ ወላጆቻቸው ሞተው አንዳቸው ከሌላቸው በቀር ማንም አልነበራቸውም። የምእመናኑ ሕግ፣ አንዱ ሲያዝ ሌላው «አላውቀውም» እንዲል ነበር፤ አለዚያ በአንዱ ሰበብ ሁሉም ይለቀማል። እህትና ወንድም ይህንኑ ማዕድ ላይ ሳይቀር እየተጠያየቁ ይለማመዱ ነበር፤ ሲሳሳቱም ይስቁ ነበር አሉ።

ዞሲማ ተያዘ። አንድ ቀን ወታደሮች እስረኞቹን ወደብ አውጥተው አሰለፏቸውና አንደኛው ወታደር ዶምና ዘንድ መጥቶ ወደ ዞሲማ አመለከተ።

«አንቺ፣ ይህን ሰው ታውቂዋለሽ?»

«አላውቀውም» አለች። አፏ ከልቧ ቀደመ።

ዞሲማም ፊቱን ወደ ባሕሩ መልሶ «እኔም አላውቃትም» አለ።

መርከቡ እስረኞቹን ጭኖ ማንም ወደማይመለስበት የመዳብ ማዕድን ማውጫ ሄደ። አመሻሹ ላይ ጎረቤቷ ከገበያ እየሮጠች መጣችና «ምነው ዋስ ሳትሆኚው ቀረሽ? አዋጁ ላልቶ የለም እንዴ! ‹አውቀዋለሁ› የሚል ዋስ ያገኘ ሁሉ ተፈታ እኮ!» አለቻት። ዶምና አላለቀሰችም። ምንም አልተሰማትም፤ ምንም አለመሰማቷ ብቻ አስፈራት። እራቷን በላች፣ ተኛች፣ ነጋ።

ከዓመታት በኋላ በነጋዴዎች መርከብ አዱሊስ ደርሳ፣ ከሲራራ ነጋዴ ጋር ደጋውን ወጥታ ግራር አፋፍ ገባች ይባላል። ለምን እንደመጣች ሲጠይቋት «እንዲሁ» ትል ነበር። ያኔ በአገሩ ወግ ዘመድ የሌለው ሬሳ ከመንደሩ መቃብር አይገባም ነበርና፣ አንድ መንገደኛ ሞቶ ሲገኝ ሽማግሌዎቹ «የሚያውቀው አለ?» ብለው ጠየቁ።

«አውቀዋለሁ» አለች ዶምና።

«ምንሽ ነው?»

«ወንድሜ ነው። ዞሲማ ይባላል።»

ሟቹ በመልክም በምንም አይመስላትም ነበር፤ ግን ዓይኗን ያየ ሁሉ ለመከራከር አልደፈረም። ቀበሩት። ከቀብር መልስ ማልቀስ ፈለገች፤ እንባው እምቢ አላት።

ከእሷ በኋላ የመንደሩ ሴቶች ልማዱን ያዙት። ባለፈው ክረምትም ጎርፍ ያመጣው ሬሳ ተገኝቶ ወይዘሮ ደብሬ የሚባሉ ሴት ቀረቡና «አውቀዋለሁ» አሉ። ከሌላ ደብር የመጣው ወጣት ቄስ ግራ ገባው።

«እማማ፣ እውን ያውቁታል?»

«ፍትሐቱን ይጀምሩ፣ አባ።»

«በማን ስም?»

ወይዘሮ ደብሬ አፋቸውን ሳይከፍቱ፣ የቆመው ሕዝብ ሁሉ በአንድ ድምፅ «ዞሲማ» አለ።