የግራር ውሃ እንቁራሪት ሁለት ስም

ምንጭ ነበረች፤ በምንጯ እንቁራሪት ነበረች፤ በእንቁራሪቷም ላይ ሁለት ስም ነበረ። ምንጯ ግራር ውሃ ትባላለች። እማማ ዘርፌ የሚቀዱት ከእሷ ነው፤ ከብት ግን እየገባ ያደፈርስባቸዋል። እማማ የፈለጉት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አጥር።

አጥሩ ግን፣ «ቢጫ ሆዷ እንቁራሪት ከብርቅ እንስሳት ዝርዝር ካልገባች አልታጠርም» አለ። እማማም የእንስሳት ሙዚየም ውስጥ ለሚሠራው ለይትባረክ ደወሉ። ይትባረክ የእንስሳትን ስም ኢንተርኔት ላይ ወዳለው መዝገብ የሚያስገባ ወጣት ነው፤ አንዲት ፊደል ሦስት ጊዜ ሳያይ አያልፍም፤ ካየም በኋላ ራሱን አያምንም።

«ልጄ፣ አንዲት እንቁራሪት መመዝገብ ያን ያህል ያስቸግራል?»

«ምንም አያስቸግርም እማማ» አለ። ስልኩን ሲዘጋ ግን «ምናልባት» ማለት ነበረብኝ ብሎ ተጸጸተ።

ዝርዝሩ፣ «ይቺ ባለሁለት ስም ናት፤ ስሞቹ ካልተዋሃዱ አልቀበልም» አለ። ለካ አንድ ፈረንጅ በራሱ አቆጣጠር በ1965 ስም አውጥቶላታል፤ ሌላው ፈረንጅ ይህን ሳይሰማ ከሦስት ዓመት በኋላ ሌላ ስም ሰጥቷታል። እንግዲህ ስሞቹ ካልተዋሃዱ ዝርዝሩ አይቀበልም፤ ዝርዝሩ ካልተቀበለ አጥሩ አይታጠርም፤ አጥሩ ካልታጠረ የእማማ ዘርፌ ውሃ ይደፈርሳል።

ስሞቹም፣ «ከሁለታችን የቀደመው ይነግሣል፤ የዘገየው ሥሩ ይቀመጣል፤ ግን ጠርሙሱ ካልመሰከረ አንዋሃድም» አሉ። ጠርሙሱ ውስጥ የመጀመሪያው ስም የወጣባት እንቁራሪት በአልኮል ተነክራ ትኖራለች፤ ሙያተኞቹ «ታይፕ» የሚሏት የስሙ ምስክር እሷ ናት። እንግዲህ ጠርሙሱ ካልመሰከረ ስሞቹ አይዋሃዱም፤ ስሞቹ ካልተዋሃዱ ዝርዝሩ አይቀበልም፤ ዝርዝሩ ካልተቀበለ አጥሩ አይታጠርም፤ አጥሩ ካልታጠረ የእማማ ዘርፌ ውሃ ይደፈርሳል።

የጠርሙሱ ጠባቂ ጋሽ ማናዬ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው መዝገቡን አዩት።

«አንተ፣ ይህች እንቁራሪት የተያዘችው መቼ ነው?»

«በፈረንጅ በ1970 ነው ጋሼ።»

«ስም የወጣላትስ?»

«በ1965።»

«ታዲያ ሳትያዝ ነው ክርስትና የተነሣችው?»

ይትባረክ በላብ ተጠመቀ። የጠርሙሱ መለያ ወረቀት በአማርኛ የተጻፈ ነው፤ ዓመቱም 1963 ይላል። በአማርኛ ከሆነ በእኛ አቆጣጠር ነው ብሎ፣ ወሩም ጥቅምት ነውና ሰባት ደምሮ ወደ ፈረንጅ የመለሰው ራሱ ነው። እንደገና ደመረ፤ 1970። በጣቱ ደመረ፤ 1970። ሦስትና ሰባት አሥር መሆኑን ሁሉ ተጠራጠረ። እንግዲህ ዓመቱ ካልተቃና ጠርሙሱ አይመሰክርም፤ ጠርሙሱ ካልመሰከረ ስሞቹ አይዋሃዱም፤ ስሞቹ ካልተዋሃዱ ዝርዝሩ አይቀበልም፤ ዝርዝሩ ካልተቀበለ አጥሩ አይታጠርም፤ አጥሩ ካልታጠረ የእማማ ዘርፌ ውሃ ይደፈርሳል።

ለእማማ ዘርፌ ደወለ። «እማማ፣ ግራ ገብቶኛል። አጥሩ ሊቀር ነው።»

«ወረቀቱ ምን ይላል? እስቲ እንዳለ አንብብልኝ።»

«ግራር ውሃ። ጥቅምት 31 ቀን 1963።»

«ስንት አልክ?»

«ሠላሳ አንድ።»

«እሱ ደግሞ የማን ቀን ነው? ሠላሳ ማርቆስ ነው፤ የማርቆስ ማግስት ልደታ ነው። መሃል የወሸቅኸውን ቀን ከየት አመጣኸው?»

ይትባረክ ወረቀቱን ወደ ዓይኑ አስጠጋ። የእኛ ወር ሠላሳ ቀን ነው፤ ሠላሳ አንድ ያለው የፈረንጅ ወር ነው! ወረቀቱን የጻፈው ሰው በፈረንጅ ቆጥሮ ኦክቶበርን ጥቅምት አለው እንጂ፣ ዓመቱ ድሮም የፈረንጅ 1963 ነው። መዝገቡ የሚጠይቀው ዓመት ብቻ ስለሆነ፣ ይትባረክ ቀኑን ሦስት ጊዜ አይቶት አንድም ጊዜ አላነበበውም።

የደመራትን ሰባት መልሶ ቀነሳት። ዓመቱ ተቃና፤ ጠርሙሱ መሰከረ፤ ስሞቹ ተዋሃዱ፤ ዝርዝሩ ተቀበለ፤ አጥሩ ታጠረ።

«የተሸነፈው ስምስ ተሰረዘ?» አሉ እማማ ዘርፌ፣ ይትባረክ ምንጯን ሊያይ በመጣ ጊዜ።

«አይሰረዝም እማማ። ሥሩ ይጻፋል፤ በዚያ ስም የሚፈልጋት ሰው ቢመጣ ወደ እሷው ይመራዋል።»

«እንግዲያው የእኔንም ጨምርላት። ባልዲዬ ውስጥ በገባች ቁጥር ‹ውጪ አንቺ!› ነው የምላት» አሉና፣ ጥርት ያለውን ውሃ ቀድተው ወደ ቤታቸው ገቡ።