ዚንኩና የብረት ማንኪያው

አንዲት ወጣት ነበረች። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የኬሚስትሪ ሁለተኛ ዲግሪዋን ትማራለች። ሥራዋ ምን መሰላችሁ? በስልክና በቴሌቪዥን መስኮት ላይ ቀለም ሆኖ የሚያበራ ነገር መሥራት ነው። ከምን? ከዚንክ። አዎ፣ የጣሪያችሁ ቆርቆሮ እንዳይዝግ ከሚለበጥበት ከዚያው ዚንክ።

ዚንክ ግን ብቻውን አያበራም። ይህን ልብ በሉልኝ። ብርሃኑ ያለው እሷ አራት ወር ለፍታ በሠራችው ቢጫ ዱቄት ውስጥ ነው። ዱቄቱም ብቻውን እምብዛም አያበራም። ለምን? አያርፍማ! የተሰጠውን ኃይል በመወዛወዝ ይጨርሰዋል። ዚንክ ሲይዘው ያርፋል። ሲያርፍ ያበራል።

በወረቀት ላይ እንዲህ ነበር። እሷ ግን ስድስት ጊዜ ቀላቀለች፤ ስድስት ጊዜም ጨለማ ሆነባት። የመመረቂያ ሥራዋን የምታቀርብበት ቀን አንዴ ተራዝሞላታል፤ ሁለተኛ አይራዘምም። ከዱቄቱ የተረፈው ለአንድ ሙከራ ብቻ ይበቃል። ያ ካላበራ ባዶ እጇን አገሯ መግባቷ ነው።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ዱቄቷን ፊቷ አስቀምጣ፣ መጀመር ፈርታ ተቀምጣለች። የላብራቶሪውን ዕቃ ሠላሳ ዓመት ያጠቡት ጋሽ ዘርጋው ገቡ።

«ምነው ልጄ፣ ቤቱን ለቅሶ ቤት አስመሰልሽው?»

«ዚንኩ እምቢ አለኝ፣ ጋሼ።»

«እስቲ እንዴት እንደምትሠሪው አሳዪኝ።»

ዚንኩ የሚሟሟበትን አሲድ አቀረበች። ዚንኩን አቀረበች። ማማሰያዋን አነሳች።

«ቆይ ቆይ! በዚህ የብረት ማንኪያ ነው የምታማስይው? ሽሮ መሰለሽ እንዴ? እስቲ ጫፉን እዪው።»

አየችው። ጫፉ ተበልቷል፤ ዙሪያውን ቡናማ ሆኗል። ለካ አሲዱ ማንኪያውን በጥቂት በጥቂቱ ሲበላው ከርሟል! በዓይን የማይታይ የብረት ቅንጣት ነው ስድስቱንም ሙከራ ያጨለመው። ብረትም ዱቄቱን ይይዛል፤ ግን ብርሃኑን ይውጠዋል። ውጦም እሱ ራሱ አያበራም።

«የመስታወቱ ማማሰያ ዘንግ የት ሄደ?»

«ሰበርኩት፣ ጋሼ። ልነግርዎት አፈርኩ።»

«ለአንድ ዘንግ አፍረሽ!» አሉና ከመሳቢያቸው በጥጥ የተጠቀለለ ሌላ ዘንግ አወጡላት።

በአዲስ ቢከር፣ በላብራቶሪው የመስታወት ኩባያ፣ ቀላቀለች። በመስታወት አማሰለች። ብርሃኑን ለማየት ጨለማ ያስፈልጋል፤ መስኮቱ ደግሞ መጋረጃ የለውም። ጋሽ ዘርጋው ጋቢያቸውን አውልቀው እሷንም፣ ቢከሩንም፣ ለዱቄቱ ኃይል የሚሰጠውን የመፈተሻ መብራትም፣ ራሳቸውንም ሸፈኑ።

«በራ?» አሉ ከጋቢው ውስጥ።

«ይጠብቁ፣ ጋሼ። መብራቱን ገና አላበራሁትም።»

መብራቱን ነካችው። ቢከሩ ውስጥ ሰማያዊ ብርሃን ፈሰሰ። የልጅቷን ጣቶች፣ የሽማግሌውን ነጭ ጢም ሰማያዊ አደረጋቸው።

«እሷ ናት እንግዲህ እንዲህ ያንገላታችሽ?» አሉ ጋሽ ዘርጋው። ልጅቷ ሳቀች። እያለቀሰች ሳቀች።

ወገኖቼ፣ አሁን እናንተን ልጠይቃችሁ። በእጃችሁ ማን አለ?

እግዚአብሔር ብርሃኑን በሰዎች ውስጥ አስቀምጧል፤ እኛን ደግሞ አንዳችን ሌላውን እንድንይዝ ሰጥቶናል። ዚንክም ይይዛል። ብረትም ይይዛል። እናንተ ስትይዙ የያዛችሁት ሰው ያበራል ወይስ ይጠፋል?

ቃል ቶሎ የማይወጣለት ወንድም አላችሁ። ሳይጨርስ ትጨርሱለታላችሁ። በፍቅር ነው፤ አውቃለሁ። እኔም አድርጌዋለሁ። ብረቱስ መቼ ጠልቶ አጠፋው? ብርሃኑ ግን ጠፋ። ስድስት ጊዜ ጠፋ።

ጊዜው አልፏል ትሉኝ ይሆናል። አላለፈም። ለአንድ ሙከራ የሚበቃ ቀርቷል። ያቺ ልጅ ያየችው ብርሃን ሁሉ ከዚያች ከተረፈችው ነው የወጣው። ማንኪያውን ግን ማስቀመጥ ነበረባት።

ዛሬ ቤት ስትገቡ ያ ወንድማችሁ አንድ ነገር ሊነግራችሁ ይጀምራል። ቃሉ መሐል ላይ ይያዝበታል። ዓይናችሁን ያያል፤ እንደ ልማዳችሁ እንድትጨርሱለት ይጠብቃል።

አትጨርሱለት። አጠገቡ ተቀመጡና ጠብቁት።