የውሃ ባለሙያውና ሙሉ ስክሪኑ

አንድ የውሃ ባለሙያ ነበረ። ሐመልማል፣ አንቺ አሁን «መምህር፣ ማስታወሻዬ ከሚጠፋብኝ ስላይዱን ሙሉ ስክሪን ሳላደርገው ባቀርብ ምን አለበት?» ብለሽ እንደጠየቅሽኝ፣ እሱም እንደዚያው ያስብ ነበር። ሰው ፊት መናገር ስለሚፈራ የሚለውን ሁሉ ከስላይዱ ሥር ጽፎ እያየ ያነባል።

ይህ ሰው ሁለት ዓመት ተራራ ለተራራ ዞሮ ለአንዲት መንደር የሚበቃ ምንጭ አገኘ። የቀረው ነገር ቧንቧው በየት እንደሚያልፍ የመንደሩ ሰው መስማማቱ ብቻ ነው። ሰዉ ለዚሁ በቀበሌው አዳራሽ በተሰበሰበበት ቀን ካልተስማሙ ሥራው ወደ ሌላ ቀበሌ ሊዛወር ነው። ባለሙያው በአዳራሹ ግድግዳ ላይ ነጭ አቡጀዲ ወጠረ፣ ፕሮጀክተሩን አበራ፣ ስላይዶቹን የሠራበትን ገጽ እንዳለ ከፍቶ ማንበብ ጀመረ።

ማንም አልሰማውም። በገጹ ዳር ገና ያልደረሰባቸው ስላይዶች በትንንሹ ተደርድረው ይታያሉ፤ ሰዉ እነሱን ለማየት አንገቱን ያሰግጋል። ድንገት አንድ ገበሬ ብድግ አለ።

«ያ የኔ ማሳ አይደለም እንዴ? ቀይ መስመርስ ምን ይሠራበታል? መሬቴን መሃል ለመሃል ሊሰነጥቁት ነው!»

አዳራሹ ተናወጠ። ግማሹ ወደ በሩ አመራ። ባለሙያው «ቆዩ፣ አንዴ ስሙኝ!» ቢል ማን ይስማው። ያን ጊዜ ፊት ለፊት የተቀመጡ አንዲት አሮጊት «ልጄ፣ ይኼ ሁሉ ሳጥንና ምልክት ምኑ ነው? የቱን እንይልህ? አንዱን አሳየን እንጂ» አሉት።

ሰውየው ማስታወሻውን በስስት አየው። ከዚያም ገበሬውን ያስቆጣችውን ትንሽ ስላይድ መርጦ ሙሉ ስክሪን አደረጋት። ማስታወሻውም ሌላውም ሁሉ ጠፋ፤ ግድግዳውን የመንደሩ ፎቶ ሞላው። ቀዩ መስመር ላይ፣ በትንሹ ሲታይ ያልለየ የኤክስ ምልክት ተደርጎበታል። ሰማያዊ መስመር ደግሞ ማሳውን ሳይነካ በመንገዱ ዳር ዳር ይሄዳል።

አሁን የሚያነበው የለም። ወደ ገበሬው ዞሮ «ጋሼ፣ ቀዩን እኮ ትተነዋል» አለው። «ጤፍዎን ሳየው አላስቻለኝም። ለዚህ ነው በመንገዱ ያዞርኩት።»

ገበሬው ጠጋ ብሎ ሰማያዊውን መስመር በጣቱ ተከተለው። ከዚያ በሳቅ ፈነዳ። «ታዲያ ይኼን ቀድመህ አትነግረኝም! ቁፋሮውን ራሴ ነኝ የምጀምርልህ!» በር የደረሱት ተመለሱ። እልልታ ቀለጠ፤ ስምምነቱም እዚያው ተፈረመ።

እንግዲህ ሐመልማል፣ ያ ባለሙያ አንቺ ነሽ። ማስታወሻሽና ገና ያልደረስሽበት ስላይድ የአንቺ ጓዳ ነው። እንግዳ ሲመጣ ጓዳሽን ትዘጊያለሽ፤ እንግዳሽን የምትንቂ ሆነሽ ሳይሆን፣ ያቀረብሽለትን ተረጋግቶ እንዲያይልሽ ብለሽ ነው። የሚነበብ ነገር ሲጠፋብሽ አትደንግጪ፤ ቀና ብለሽ የሰው ፊት የምታዪው ያን ጊዜ ነው። በይ ሙሉ ስክሪኑን ተጫኚውና ንገሪን፤ ሁላችንም እየጠበቅንሽ ነው።