ፍየሊቱ ሐስና ለተሳቢዋ ኤሲ ስትመርጥ

ተረት ላወራችሁ ነውና ቀረብ በሉ፤ የሚያስል ካለ አሁኑኑ አስሎ ይጨርስ። ነገሩ ድሮ ነው፤ ግን በጣም ድሮ አይደለም። ዝንጀሮ ሱቅ ከፍቶ፣ አህያ ዕቃ እያመላለሰ፣ ብረት እንኳ አፍ አውጥቶ ይናገር በነበረበት ዘመን፣ በአፋር በረሃ፣ ከሎጊያ ወጣ ብሎ፣ ሐስና የምትባል ፍየል ነበረች።

ሐስና ነጭ ናት፤ ግራ ጆሮዋ ብቻ ቡናማ ነው። ቸኩላ ትራመዳለች፣ ቸኩላ ትናገራለች፣ ሌላው ሲናገር ደግሞ ቸኩላ ትነሣለች። በዚያ ሰሞን እርጉዝ ነበረች። ሐጋይ የሚሉት የሐሩር ወቅትም እየደረሰ ነበር። ባለፈው ዓመት በዚሁ ወቅት ሁለት ግልገሎች ወልዳ ሁለቱንም ሙቀት ወሰደባት፤ ጥላ ፍለጋ ከግራር ወደ ግራር ስታዞራቸው ነው ያለቁት። ይህን ለማንም አታወራም። በልቧ ግን፣ ዘንድሮ የምወልደው ቀዝቃዛ ቤት ውስጥ ነው ብላ ምላ ነበር።

ቤትማ አግኝታለች። ከጅቡቲ መንገድ ዳር አንድ ትንሽ፣ ጣሪያና በር ያለው የመኪና ተሳቢ ቆሟል፤ ጨውና ሲሚንቶ ሲጭን ኖሮ ሲያረጅ ባለቤቱ ፈትቶ ጥሎት የሄደ ነው። ሐስና ወለሉን ጠርጋ፣ ሣር ጎዝጉዛ መኖሪያ አደረገችው። ከተሳቢው አፍንጫ ላይ አንድ ትንሽ ጄኔሬተር ታስሯል፤ ሳል የማይለየው ሽማግሌ ነው። ቤንዚኑ ከየት ይመጣል የምትሉኝ እንደሆነ፣ ዝንጀሮ ሱቅ የከፈተበት አገር ቤንዚን አያጣም፤ ዝም ብላችሁ ስሙኝ። እንግዲህ የቀራት ኤሲ ብቻ ነው።

በአፋር አገር ደግሞ ዳጉ የሚባል ወግ አለ። ሁለት መንገደኞች ሲገናኙ ዝም ብለው አይተላለፉም። ቁጭ ይሉና፣ ከየት መጣህ፣ ምን አየህ፣ ምን ሰማህ ይባባላሉ። አንዱ ያየውን ሳያስቀር ይናገራል፤ ሌላው ሳያቋርጥ ያደምጣል። ዝናብ የት እንደጣለ፣ ውሃ የት እንደደረቀ የሚታወቀው በዚህ ነው። ግመል ዳጉ ይቀመጣል፤ ኤሊም ትቀመጣለች፤ የእሷማ ሁለት ቀን ይፈጃል። ሐስና ግን በዚያ ሰሞን ዳጉ ትታለች። ጊዜ የለኝም፣ ሆዴን እያችሁት ትልና ታልፋለች። ሆዷን ያየም ሁሉ ይቅር ይላት ነበር።

አንድ ማለዳ፣ አንድ ጆንያ የግራር ፍሬ በጎረቤቷ በአህያው ላይ ጭና ወደ ዝንጀሮው ሱቅ ወረደች። ዝንጀሮው በረንዳው ላይ ምንጣፍ አንጥፎ፣ ከየት መጣሽ ሊል አፉን ሲከፍት፣ ፍሬውን ዘርግፋ ኤሲ ስጠኝ አለችው።

በረንዳው ላይ ከተደረደሩት ኤሲዎች ትልቁ ደረቱን ነፋ። ከሆቴል አዳራሽ የወረደ ነው።

"እኔ ሦስት መቶ ሰው በተጠራበት ሠርግ ላይ ሙሽራዋን ብርድ ልብስ ያስለበስኩ ነኝ" አለ።

ሐስና ሌላ ምንም አልጠየቀችም። ዝንጀሮው ወላሂ ዓይንሽ ዕቃ ያውቃል አላት፤ እሷም አመነችው።

አህያው ጉልበቱ እየተብረከረከ ተሸክሞ አደረሰው። ከተሳቢው ኋላ ሰቀሉት። ተሳቢው ኧረ ቀስ ሊል ሲል አፍንጫው ወደ ሰማይ ተነሣና መቀመጫው ላይ ዘጭ አለ። ሐስና ከነሣሯ ተንሸራታ በበሩ ወጣች፤ ደግነቱ ሣሩ ቀድሟት ወርዶ ነበር። በድንጋይ ደግፈው አቃኑትና ጄኔሬተሩን አስነሡት። ትልቁ ኤሲ አምጣ አለ፤ ጄኔሬተሩ ሰጠ። ጨምር አለ፤ ጄኔሬተሩ አሳለ። አሁንም ጨምር ሲለው ጄኔሬተሩ አንዴ ተንዘፈዘፈና ጸጥ አለ።

"ይህን ያህል እንደምትበላ ለምን አልነገርከኝም?" አለች ሐስና።

"አልጠየቅሽኝም" አለ ትልቁ።

በማግስቱ አህያው እያጉረመረመ መልሶ ወሰደው። ሐስና አሁንም ሳትቀመጥ፣ ትንሽ የሚበላ ስጠኝ አለች። ይህን ጊዜ አንድ ቀጭን፣ ነጭ፣ ባለ መንኮራኩር ኤሲ በራሱ እግር እየተንከባለለ መጣ። መብሌ ጥቂት ነው፣ ግድግዳ ላይ መሰቀል አልወድም፣ ባቆማችሁኝ እቆማለሁ አለ። አህያው ከሐስና በፊት ተስማማ፤ በራሱ የሚሄድ ሸክም አይቶ አያውቅም።

ሐስና ነጩን ኤሲ መሀል ወለል ላይ አቆመችና ቅዝቃዜው እንዳያመልጥ በሩን ጥርቅም አድርጋ ዘጋችው። ጄኔሬተሩም ቻለው። ቀዝቃዛ አየር ፊቷ ላይ ሲመጣ ዓይኗን ጨፈነች፤ በልቧም ተሳካ አለች። ወዲያው ግን ጅራቷ አካባቢ ሞቃት። ዞረች፤ ጅራቷ ቀዘቀዘ፣ ፊቷ ነደደ። ለካ ኤሲው በአፉ ብርድ ሲተነፍስ በጀርባው ባለ ወፍራም ቱቦ እሳት ይተፋል። ቱቦው በመስኮት መውጣት ነበረበት፤ ተሳቢው ደግሞ መስኮት የለውም። እኩለ ቀን ላይ ቤቱ ከውጭው ይብስ ጀመር። ሐስና እያለከለከች ወጣች።

"ጀርባህ እንዲህ እንደሆነ ማን ነገረኝ?" አለችው።

"መስኮት እንደሌለሽስ እኔን ማን ነገረኝ? አልጠየቅሽኝም፤ እኔም አልጠየቅኩሽም።"

ሐስና ተሳቢው ሥር ባለችው ጥላ ተኛች። ግልገሎቹ በሆዷ ውስጥ ሲራገጡ ተሰማት። ለመውለድ ሳምንት ቢቀራት ነው፤ ንፋሱም ከወዲሁ መለብለብ ጀምሯል። የዓምናዎቹ ልጆቿ ትዝ አሏትና ፈራች። ማንም ሳያያት አለቀሰች፤ አህያው ግን አይቷል፤ ያየ አልመሰለም።

ለሦስተኛ ጊዜ ወረዱ። በረንዳው ላይ የቀረው አንድ ትንሽ፣ አቧራ የጠጣ፣ ሳጥን የመሰለ ኤሲ ነበር። ዝንጀሮው እንስራውን አስቀምጦበታል። ሐስና ይሠራል ወይ ብላ ስትጠይቅ ዝንጀሮው ሳቀ፤ እንስራዬን ጥሎት አያውቅም፣ ሌላ ሥራውን አላውቅም አለ። ትንሹ ኤሲ ግን ከእንስራው ሥር ድምፁን አሰማ፤ ደኅና መጣሽ፣ ከየት መጣሽ፣ መንገዱ እንዴት ነው አላት።

"ጊዜ የለኝም" አለች ሐስና እንደ ልማዷ።

"እህቴ፣ ሁለት ጊዜ ሳትቀመጪ ሄድሽ፤ ሁለት ጊዜም ተመለስሽ" አለ ትንሹ። "ያን ጊዜ ተቀምጠሽ ቢሆን ኖሮ እስካሁን ጨርሰን ነበር።"

ሐስና ምንጣፉ ላይ ተቀመጠች። አህያውም ደስ ብሎት ከጎኗ ተዘረጋ። ትንሹ ኤሲ ሠርግም ሆቴልም አላነሣም፤ መጠየቅ ብቻ ነው የያዘው። ቤትሽ በርምጃ ስንት ነው? ርዝመቱ ስድስት፣ ወርዱ አራት። ስንት ሆናችሁ ትተነፍሳላችሁ? እኔ አንድ፣ እነዚህ ደግሞ ሦስት ይመስሉኛል አለች ሆዷን እያየች። ጄኔሬተርሽስ ምን ይችላል? ትንሽ ነው፣ ያስላል። እኔም ትንሽ ነኝ፣ አያስለኝም እንጂ አለ። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በየት በኩል ትመታዋለች? ሙቀቱ የሚገባው በጣሪያ ነው ወይስ በግድግዳ? ይህን ግን ሐስና አታውቅም።

"ታዲያ ቤትሽን ጠይቂዋ" አለ ትንሹ ኤሲ። "ከእሱ ጋር ዳጉ ተቀምጠሽ ታውቂያለሽ?"

አታውቅም። ሁለት ወር ሙሉ ሆዱ ውስጥ ስትተኛ አንድ ቀን እንኳ ደኅና አደርክ ብላው አታውቅም። በጣም አፈረች።

ትንሹን ኤሲ ይዛ እንደተመለሰች ከተሳቢው ፊት ቁጭ አለች። ከየት መጣህ፣ ምን አየህ፣ ምን ሰማህ አለችው። ተሳቢውን እስከዚያ ቀን እንዲህ ብሎ የጠየቀው አልነበረም። ቀስ ብሎ ጀመረ። የጫነውን ጨው፣ ያየውን ባሕር፣ ዳገት ላይ የሚዘፍነውን ሾፌር፣ ተፈትቶ የቀረበትን ቀን አንድ በአንድ ተረከ። አህያው አንቀላፋ፣ ነቃ፤ ተሳቢው ገና ባሕሩ ዳር ነበር። ሐስና ግን ሆዷ እየከበዳት አላቋረጠችውም። በመጨረሻ ተሳቢው ስለ ራሱ መናገር ጀመረ።

"ጣሪያዬ ልሙጥ ቆርቆሮ ነው፤ ስድስት ሰዓት ላይ እኔም ራሴ እጮሃለሁ። ከሰዓት በኋላ ምዕራቤ ይነድዳል፤ ምሥራቄ ጥላ ነው። ከበሬ ሥር ሁለት ጣት ክፍተት አለ፤ ብርድ ብታስገቢ እንኳ በዚያ ይወጣል። ሸክሙ ልክ ከጎማዬ አናት ላይ ከሆነ እችላለሁ፤ ከኋላዬ ግን አትስቀሉብኝ።"

"ይህን ሁሉ ለምን እስከ ዛሬ" ብላ ጀመረችና አፏን ራሷ ዘጋችው። መልሱን ታውቀዋለች።

ከዚያ በኋላ ሥራ ሆነ። ጣሪያው ላይ በእንጨት ከፍ አድርገው ሰሌን ደረቡበት። ከአዋሽ ዳር እርሻ የተጣለ ጥጥ አህያው በጆንያ እያመጣ፣ ግድግዳውን ከውስጥ በጥጥና በማዳበሪያ ከረጢት ለበጡት። ከበሩ ሥር ጨርቅ ወተፉ። በምሥራቅ በኩል፣ ልክ ከጎማው በላይ፣ ግድግዳውን ቀደው ትንሹን ኤሲ አስገቡት፤ አፉ ወደ ውስጥ፣ ጀርባው ወደ ውጭ። ጄኔሬተሩ ተነሣ። ትንሹ ጥቂት አምጣ አለ፤ ጄኔሬተሩ ሰጠውና ልጨምር ወይ ብሎ ጠየቀው። ይበቃኛል አለ። ጄኔሬተሩ ማሳሉን አልተወም፤ ሥራውን ግን አላቋረጠም።

በአራተኛው ቀን ሐጋይ ጨክኖ መጣ። ንፋሱ ቆመ፤ ቁራዎች አፋቸውን ከፍተው ግራር ሥር ወደቁ፤ ዝንጀሮው ሱቁን ዘጋ። የሐስናም ምጥ በዚያው ቀን መጣ። አህያው ከበሩ ውጭ ቆሞ ወዲያና ወዲህ ይላል። ሐስና ስታምጥ የትንሹን ኤሲ ድምፅ ትሰማለች፤ ድምፁ እስካለ ድረስ ልቧ አልተናወጠም። በመሀል ድምፁ ቀጥ አለ። ሐስና ያለፈው ዓመት ተመልሶ የመጣ መሰላትና አንገቷን ወደ ኤሲው አዞረች።

"ሞትክ?" አለችው።

"አረፍኩ" አለ ትንሹ። "ቤቱ በደንብ ቀዝቅዟል፤ ሲሞቅ እነሣለሁ። አንቺ ሥራሽን ሥሪ።"

ጥቂት ቆይቶም እንዳለው ተነሣ። አንደኛዋ ግልገል ተወለደችና ጮኸች። ሁለተኛው ተከተለና ጮኸ። ሦስተኛው ግን ትንሽዬ ነበር፤ ወድቆ ዝም አለ። ሐስና ላሰችው፤ ዝም። አሁንም ላሰችው፤ ዝም። ሦስተኛ ጊዜ ስትልሰው ከአንገቱ እስከ ጅራቱ ተንቀጠቀጠ፤ መንጋጋውም እየተንገጫገጨ ወደ ሆዷ ገብቶ ተወሸቀ። አህያው ከውጭ፣ ምን ሆነ፣ ምን ሆነ እያለ ይጠይቃል።

ሐስና እንባዋ እየወረደ ትስቅ ነበር።

"በርዶታል" አለች። "በሐጋይ፣ በሎጊያ፣ ልጄን በርዶታል።"

የሚያገለግላችሁን ስትመርጡ ምን ትችላለህ ብቻ አትበሉት፤ ምን ያስፈልግሃል ብላችሁም ጠይቁት፤ የሚያድርበትንም ቤት አድምጡት። እኔ እዚህ ላይ ተረቴን አውርጃለሁ፤ የወደደው አንሥቶ ይሂድ።