ውሃ ቀጂዋ አንጓች

ልጆች፣ ጠጋ በሉ። ይህ የሆነው በዱሮ ጊዜ ነው። ከዚህ እስከ ወንዙ ያለው መሬት ሁሉ ጥቅጥቅ ያለ ደን በነበረበት፣ ሰው ዕድሜውን በድርቁና በጥጋቡ ዘመን በሚቆጥርበት ጊዜ ነው። ያን ጊዜ በቁልቋል አፋፍ መንደር አንጓች የምትባል ሴት ነበረች።

አንጓች መሬት አልነበራትም። ከብት አልነበራትም። የነበራት አንዲት ጎጆ፣ አንድ እንስራና ብርቱ ጀርባ ነው። የመንደሩ ምንጭ ከገደሉ ግርጌ ነበር። መውረዱ ይቀላል፤ መውጣቱ ግን ልብ ያፈርሳል። አንጓች ለድግስ ቤት ትቀዳለች፣ ለሐዘን ቤት ትቀዳለች፣ በሰጧት እህል ታድራለች።

ዱሮ ባል ነበራት፤ ደምሌ የሚባል ሸማኔ። ይዋደዱ ነበር። ሦስት ጊዜ አረገዘችለት፤ ሦስቱም ወራቸው ሳይደርስ መጡ። የመጀመሪያውን ያረገዘችው ራሷ ገና ልጅ ሳለች ነው። ሁለተኛው የመጣው ገላዋ ሳይጠገን፣ ሐዘኗም ሳይወጣላት፣ በላይ በላዩ ነው። በሦስተኛው ጊዜ ነዶ ስትሸከም ሰንብታ ነበር፤ ቀጥሎም ንዳድ ያዛት። እያንቀጠቀጣት ሳለ ምጡ መጣ። ሦስቱም አላደጉም።

የደምሌ ዘመዶች «ሾተላይ አለባት፤ ዘራችንን ታጠፋለች» አሉ። አፋቷት። ደምሌም ከሸለቆው ማዶ ሌላ ሚስት አገባ። ነፋስ ወደዚህ ሲነፍስ የሸማ መምቻው ድምፅ ይሰማታል። ያን ጊዜ ሥራዋን ትተውና ትቆማለች። ነፋሱ ሲዞር ሥራዋን ትቀጥላለች። ክንዷ ባዶውን ውሎ ባዶውን ያድራል፤ ማታ ማታ ግን የሚከብዳት እንስራ ያዘለው ጀርባዋ ሳይሆን ያ ባዶ ክንዷ ነበር።

አንድ ቀን ጠዋት ከምንጩ ስትወጣ ብርጓልን አገኘቻት። ብርጓል ነፍሰ ጡር ናት፤ ሆዷ ገና መግፋቱ ነው። እንስራዋን እንዳዘለች ድንጋይ ተደግፋ ታቃስታለች።

«ምነው እታለም?»

«ትንሽ ልረፍ ብዬ ነው እትዬ አንጓች። ሆዴ ድንጋይ ሆነብኝ።»

«ወገብሽስ?»

«ወገቤንም ይቆርጠኝና ይለቀኛል። ከትናንት ጀምሮ እንዲሁ ነው።»

አንጓች ይህን ነገር ታውቀዋለች። ሦስት ጊዜ እንዲህ ነው የጀመራት።

«አውርጂ» አለቻት።

«ምኑን?»

«እንስራውን ነዋ! እስክትወልጂ ድረስ ዳግመኛ በጀርባሽ እንዳላየው።»

«እንዴ፣ ታዲያ ቤቴ ውሃ ማን ይቀዳል?»

«እኔ የት ሄጄ?»

የብርጓልን እንስራ ራሷ አዘለች። አደረሰችና ለራሷ ተመልሳ ወረደች። በማግስቱም ወረደች፤ ወጣች። ብርጓል ጋደም ብላ ሰነበተች፣ ሆዷም ላላላት። አንጓች ግን ወረደች፤ ወጣች። ብርጓል በወሯ ስትወልድ አንጓች ዳገቱ መሃል ነበረች። እልልታውን ሰማች። እንስራዋን ሳታወርድ ቆማ ሰማች። ደስ አላት፤ ዳገቱንም ቀጠለች።

ከዚያ ወዲያ ነፍሰ ጡር አየች ማለት እንስራ አስወረደች ማለት ሆነ። ሰው ይስቅባት ነበር። «ለራሷ ያልሆነላት» ይላሉ። ትሰማለች፤ ወርዳ ትወጣለች።

በመንደሩ እሜቴ ፈንታዬ የሚባሉ ባለጸጋ ነበሩ። ምራታቸው ጠጂቱ አንድ ልጅ ሳይደርስ ወጥቶባታል። አሁን ደግሞ አርግዛ ሆዷ ለወሯ ከሚገባው በላይ ገፍቷል። መንታ ሳይሆን አይቀርም ይባላል። እሜቴ ግን ጎረምሳ የሚያደክም እህል ያስፈጯታል፤ የነፍስ አባቷ አትፁሚ ቢሏትም ያስጾሟታል። ልጅቷ ከሆዷ በቀር ሌላው ገላዋ አልቋል።

አንጓች ይህን ሰማች። ከደጇ ትልቅ ድንጋይ አነሳች፤ ይቅርታ ጠያቂ እንደሚያደርገው አንገቷ ላይ አደረገችና ሄዳ በእሜቴ ደጅ ቆመች።

«አንቺ ሴት! ምን በድለሽኝ ነው ድንጋይ የተሸከምሽብኝ?» አሉ እሜቴ።

«አልበደልኩም እሜቴ፤ ልለምን ነው የመጣሁት። ምራትዎን ያሳርፉልኝ። ወፍጮውን እኔ እፈጫለሁ። እሷ ትብላ፣ ትተኛ።»

«እኔ ሳረግዝ ማን አሳረፈኝ?»

«ማንም አላሳረፈዎትም» አለች አንጓች፣ እንዳጎነበሰች። «ስንት ቀበሩ እሜቴ?»

ጠጂቱ ከወፍጮው ቤት ብቅ ብላ ቆመች። እሜቴ ፈንታዬ ወደ ቤት ገቡ፤ ተመልሰው ወጡ። ፀሐይ አናት ላይ ደረሰች። አንጓች ግን ድንጋዩን አላወረደችም። በመጨረሻ እሜቴ ደጃፋቸው ላይ ቁጭ አሉ። ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡ።

«ስም እንኳ ያላወጣሁላቸው አሉ» አሉ፣ ድምፃቸው እንደ ልጅ ቀጥኖ። «አውርጂው። አውርጂውና ግቢ።»

አንጓች ፈጨች። ቀዳች። ጠጂቱ በላች፤ ተኛች። መንቶቹ ያም ሆኖ ትንሽ ቀደም ብለው መጡ። እሜቴ ራሳቸው በባዘቶ ጥጥ ጠቅልለው ከእናታቸው ደረት አጣበቋቸው። ወንዱ ጠና። ሴቷ ጥቂት ቀን ተንፍሳ ሄደች። አንጓች ለዚያች ልጅ እንደ እናቷ አለቀሰች። «ከዚህ በላይ ምን ልሸከም ነበር?» እያለች አለቀሰች። ማግስቱን ግን ምንጩ ላይ አዩዋት።

ከዚያ ድርቅ መጣ። ምንጩ ደረቀ። ውሃው ከወንዙ ብቻ ሆነ፤ ወንዙ ደግሞ ሩቅ ነው። በዚያ ክፉ ዓመት ደምሌ መጥቶ በአንጓች ደጅ ቆመ። ጸጉሩ ሸብቷል። ዓይኗን ማየት አልቻለም።

«አንጓች» አላት።

«ተናገር እንጂ፣ ምን ሆነሃል?»

«ባለቤቴ ዓለሚቱ… ቆላ ለአጨዳ ወርዳ ንዳድ ይዟት መጣች። ሆዷም ይወጠራል። ወሯ አልደረሰም።»

አንጓች የበሩን መቃን ያዘች። እሷም እንዲሁ ተንቀጥቅጣለች፤ እሷም ወሯ አልደረሰም ነበር።

«በእኔ ጊዜ የት ነበርክ?» አለችው።

«ከጓሮ ተቀምጬ አለቅስ ነበር። ግባ ያለኝ አልነበረም።»

ይህን አታውቅም ነበር። ስንት ዓመት ሙሉ አታውቅም ነበር። ከዚያ እንስራዋን አነሳች።

«አንተ መድኃኒት አዋቂውን ጥራ» አለችው። «እኔ ውሃ ላምጣ።»

ወንዙ ድረስ ወረደች፤ ወጣች። ደምሌ ቤት ገብታ ዓለሚቱን በጎኗ አስተኛቻት፤ ግንባሯንና እግሯን በእርጥብ ጨርቅ ታበርድላት፣ ጥቂት በጥቂት ታጠጣት ጀመር። መድኃኒት አዋቂውም ደረሰ። ትኩሳቱ ይሄዳል፤ ይመለሳል። አንጓች ወረደች፤ ወጣች። አንድ ማለዳ ዓለሚቱ ላብ አጠመቃትና ገላዋ ቀዘቀዘ። ሆዷም ላላ። ከዚያ በኋላም እስከ ወሯ ድረስ ወንዝ የወረደችላት አንጓች ናት።

ልጁ በወሩ ተወለደ። ዓለሚቱም «እትዬ፣ መጀመሪያ አንቺ ታቀፊው» አለቻት። አንጓች ታቀፈችው። ልጁ ጣቷን ይዞ አለቅም አለ። እሷም አየችው፣ አየችው፤ ጣቷን ቀስ ብላ አላቀቀችና ለእናቱ መለሰችው። ዳገቱን ስትወጣ ደምሌ ከሩቅ ያያት ነበር። ወደ ኋላ አልዞረችም። በላይኛው ሰፈር ሌላ ነፍሰ ጡር ነበረች።

አንጓች አርጅታ ሞተች። የሚያለቅስላት ልጅ የላትም፤ ማን ይሸከማታል ተባለ። በቀብሯ ቀን ግን ጎበዛዝቱ መጡ። የብርጓል ልጅ መጣ። የጠጂቱ ልጅ መጣ። የደምሌ ልጅ አባቱ የሸመነውን መግነዝ ይዞ መጣ። ሌሎችም መጡ፤ ቃሬዛውን እኔ ልሸከም፣ እኔ ልሸከም ብለው ተጣሉ። ከቤቷ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ትከሻ እየተቀያየሩ አደረሷት።

ስለዚህ ነው ልጆች፣ እስከ ዛሬ በአገራችን ሴት ማርገዟ ሲታወቅ ጎረቤቶቿ ተራ ገብተው ውሃ የሚቀዱላት። ዛሬ ጤና ጣቢያው ቀርቧል፤ ወሯ ሳይደርስ ሆዷ የተወጠረባት፣ ትኩሳት የያዛት ወይም የሽርት ውሃ የፈሰሳት ወደዚያ ትወሰዳለች። እንስራውን ግን አሁንም ጎረቤት ነው የሚቀበላት። የምትቀበላት ሴት እጇን ዘርግታ «አንጓች ትሸከምልሽ» ትላታለች።

ነፍሰ ጡሯም ሸክሟን ታወርድና እንዲህ ብላ ትመልሳለች፦

«አሜን፤ እሷም የናፈቀችውን ትቀፍ።»